የእድራችን ጥሩምባና የሐጂ ጀልባ

ወደ ሐጂ ሰይድ ጀልባ ጉዳይ የገባሁት ወድጄ ሳይሆን ተመድቤ ነው። በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ላይ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው ለዚህ ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ላልነበረ ግን እንዲህ ልበለው። ያን ጊዜ ሰው የሚወደውን ሥራ ፈልጎ ከማግኘቱ በፊት የተመደበበት ሥራ እሱን ፈልጎ ያገኘው ነበር።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርሁ። ሰዓት በማክበሬና በእጅ ጽሑፌ ጥራት እታወቅ ነበር። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ዛሬ በጡረታ ላይ ሳለሁ እንኳ ጎረቤቴ ሰዓቱን የሚያስተካክለው እኔ ከቤት ስወጣ አይቶ መሆኑን ራሱ ስለ ነገረኝ ነው። የምደባዬም ምክንያት ይኸው ጥንቃቄዬ ሆነ። ሌላው ያለ ጥንቃቄ የጀመረው ነገር ሁሉ መጨረሻው ወደ ጥንቁቅ ሰው ይላካል።

ሐጂ ሰይድ ከወረታ መጥተው ባሕር ዳር የከተሙ ነጋዴ ነበሩ። አንዲት ባለ ሞተር የእንጨት ጀልባ ነበረቻቸው። ጀልባዪቱ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሐይቁ ዙሪያ ካሉ መንደሮች ጤፍ፣ ሽንኩርትና ዶሮ ትጭናለች፤ እሑድ ግን ሥራ ፈትታ ውኃ ዳር ትውላለች። ሐጂ ይህን አይተው፣ በየእሑዱ ለከተማው ደካሞችና ባለውለታዎች ያለ አንዳች ክፍያ የሐይቅ ሽርሽር ትስጥ አሉ። በመጀመሪያ ዓይነ ስውራንን ይዘው ወጡ። እነሱም ሲመለሱ ስለ ሐይቁ ሽታ፣ ስለ ንፋሱና ስለ ወፎቹ ድምፅ ያወሩት ነገር እኛ ዓይናሞቹ በዘመናችን ካየነው ይበልጥ ነበር። ቀጥሎ የሆስፒታል ሌሊት ተረኞችን፣ ከዚያም ከፋብሪካ በጡረታ የተሰናበቱትን ወሰዱ። እኔ በሕይወቴ ብዙ የተፈቀደ ነገር አይቻለሁ፤ ሳይፈቀድ ይህን ያህል መልካም የሆነ ነገር ግን አላጋጠመኝም።

ችግሩም ይኸው አለመፈቀዱ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ አስናቀ ወደ ጽሕፈት ቤታቸው አስጠሩኝ። በዕድሜ ታናሼ ናቸው፤ በሥልጣን ግን ማንም አያልፋቸውም።

«ጓድ፣ ይህ ሰውዬ በየእሑዱ ሰው እየሰበሰበ ሐይቅ ላይ ይወጣል። ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«ለደግነት ይመስለኛል» አልሁ።

«ማን ፈቀደለት?»

በዚያ ዘመን ሦስት ሰው ቆሞ ሲያወራ፣ አራተኛው ስለ ምን እንደ ሆነ መጠየቁ ደንብ ነበር፤ ሐጂ ግን ሙሉ ጀልባ ሰው ይዘው አራተኛው ሊደርስበት ወደማይችል ቦታ ይሄዱ ነበር።

ጓድ አስናቀ ጥቂት አሰቡና ወሰኑ። «አንድ እሑድ በእርስዎ ተቆጣጣሪነት ይሞከር። ሕዝብ ሳይሰበሰብ፣ ግርግር ሳይነሣ፣ አደጋ ሳይደርስ ከተመለሱ እንፈቅዳለን። ከሦስቱ አንዱ ከሆነ ግን ጀልባዋ ከጤፍ በቀር ሌላ አትጭንም።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ያልነገርኋቸው አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ውኃ የምፈራ መሆኔ ነው። የዱርቤቴ ልጅ ነኝ። ዱርቤቴ ያደገ ሰው ውኃን የሚያምነው እንስራ ውስጥ ካየው ብቻ ነው። ስለዚህ የቁጥጥሩን ሥራ በሁለት ከፈልሁት፤ የውኃውን ክፍል ለሐጂ ሰጥቼ የየብሱን ክፍል ራሴ ያዝሁ።

ሐጂን ያገኘኋቸው ሞተራቸውን ሲጠርጉ ነበር። የመጣሁት ከመንግሥት መሆኑን ሲያውቁ እጃቸውን በጨርቅ አበሱና ከጆንያ ላይ አስቀመጡኝ። የነጻ ጉዞ የሚገባው ወገን የሚመረጥበት መስፈርት ምን እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። መስፈርት የሌለው ነገር ሌሊት እንቅልፍ ይነሣኛል።

«ወንድሜ፣» አሉኝ፣ «ይገባኛል ብሎ የመጣ አይገባውም። እኔ ይቅርብኝ ያለ ይገባዋል። ከዚህ ሌላ መስፈርት አላውቅም።»

«ታዲያ ለመጪው እሑድ ማንን አሰቡ?»

«የእድራችሁን የወጥ ቤት ሴቶች። ባለቤቴ የሞተች ጊዜ ሃይማኖታችን ሌላ ነው ሳይሉ ውኃ ሲቀዱ፣ እንግዳ ሲቀበሉ ሰነበቱ። በኀዘኔ ቀን ያልቀሩትን በደስታ ቀን ልጥራቸው።» ከዚያም እንደ መሰናበቻ ጨመሩ፤ «አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ብድግ እንዳይሉ። ጀልባዬ የለመደችው ጤፍ ነው፤ ጤፍ ደግሞ አይነሣም።»

በፋሲሎ ሠፈር ያለው እድራችን አንድ ነገር ይጎድለው እንደ ነበር ያን ቀን አሰብሁ። እነዚያ ሴቶች የከተማውን ለቅሶ ሁሉ አብረው ቀቅለዋል፣ አብረው አብስለዋል፣ አብረው አልቅሰዋል። በዚያ ዘመን ለቅሶ የሚታጣበት ሳምንት ጥቂት ነበርና ሥራ ፈትተው አያውቁም። ለደስታ ግን ተሰብስበው አያውቁም። ሰርግ የራሱ ጠሪ አለው፤ እድር የሚጠራው በሞት ነው።

የወጥ ቤቱ አለቃ እትዬ የሺመቤት ነበሩ። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ስለ ነበር ክረምት ሳይገባ አንበሳሜ ካለች ልጃቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ቆርጠዋል። የሐጂን ግብዣ ስነግራቸው፣ እንደ ወጉ መጀመሪያ «እኛ ምን ይሠራልናል፣ ለሌላ ይሁን» አሉ። ኋላም ነጠላቸውን እየጎተቱ እንዲህ አሉኝ።

«ሐይቁ ዳር ተወልጄ፣ ሐይቁ ዳር ተድሬ፣ ባሌን ሐይቁ ዳር ቀብሬ፣ አንድ ቀን ውኃው ላይ ወጥቼ አላውቅም። አገሬን ከማዶ ሆኜ አንድ ጊዜ ባያት እወድ ነበር። ዓይኔ ነጭና ጥቁር ገና ይለያል። ከክረምት በኋላ ግን እንጃ።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ጉዳዩ የምደባ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ያ እሑድ ከተበላሸ ሌላ እሑድ እንደሌለ አወቅሁ።

ስለዚህ ጥንቃቄዬን ሁሉ አወጣሁ። ድፎ ዳቦ አዘዝሁ። በጉዞ ላይ ከመቀመጫ መነሣት ክልክል መሆኑን ለሴቶቹ በየቤታቸው እየዞርሁ አስረዳሁ፤ «ደግሞ ምን ሆነን እንነሣለን?» ብለው ሳቁብኝ። የቀረው የመነሻው ሰዓት ነበር፤ እሱንም ሐጂ የንፋሱን ጠባይ አይተው የቆረጡት ቅዳሜ ማምሻውን ነው። ሴቶቹ በሦስት ሠፈር ተበትነዋል። ስልክ የለም። ዞሬ ልንገራቸው ብል እግሬ አልችል አለ። በዚህ ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ እስከ ዛሬም ያን የመሰለ የተስተካከለ ሐሳብ አስቤ አላውቅም። እድርተኛን ለመጥራት ተብሎ የተቀጠረ ሰው አለ። ለምን እሱ አይጠራም?

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ አያ ፈንቴ ነው። ሐሳቤን ስነግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ጋሼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ክፉ ሳወራ ኖርሁ» አለኝ። «ልጆች እኔን ሲያዩ መንገድ ያቋርጣሉ። አንድ ቀን እንኳ ደግ ላውራ።»

«ሰው ግን ለቅሶ እንዳይመስለው» አልሁት፤ ጥንቁቅ አይደለሁ።

«ግድ የለም። ለደስታ ሲሆን ቀጠን አድርጌ እነፋዋለሁ።»

በዚህ ተማመንን። እሑድ ማለዳ ጥሩምባው ተነፋ። እኔ ራሴ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስሰማው፣ ያሰብሁት የመጀመሪያ ነገር «ምነው፣ ማን ሞተ?» የሚል ነበር። የነገሩ ባለቤት እኔ እንዲህ ካልሁ ሌላው ምን ሊል እንደሚችል አንባቢ ይገምት። አያ ፈንቴ ቀጠን አድርጎ ነፍቶት እንደ ሆነ አላውቅም፤ ጥሩምባው ግን የሚያውቀው አንድ ዜማ ብቻ ነው። «እድርተኞች በሐይቁ ዳር ተገናኙ» ብሎ ጮኸ፤ ቀጥሎም ስለ ሐጂ ግብዣ፣ ስለ ሽርሽሩ፣ ስለ ደስታው በዝርዝር ተናገረ። ባሕር ዳር ላይ ግን ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ ዝርዝር የሚሰማ ሰው የለም። ነጠላ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው።

ሐይቁ ዳር ስደርስ ሰው መሳፈሪያው አጠገብ ያለውን ዘንባባ ከብቦታል። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። «ውኃ በላው አሉ» ይላል አንዱ። «ማንን?» ሲሉት «እሱ ገና አልተነገረም» ይላል። ባይታወቅም ይለቀሳል፤ ቢታወቅ ደግሞ ይጨመርለታል። እኔን ያዩ ሁሉ እየመጡ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ይሉኛል። በተከታታይ ሲያጽናኑኝ የሞተብኝ ሰው ያለ እየመሰለኝ ሄደ።

እትዬ የሺመቤትና ጓደኞቻቸው በመጨረሻ መጡ። ሁለት ትልልቅ ድስት ተሸክመዋል።

«እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ንፍሮ ነዋ።»

«እኔ ዳቦ አዝዤ የለም?»

«ጥሩምባ ሲነፋ እጃችን ስንዴ ዘገነ። ሞትም እሑዳችንን መረጠ ብለን፣ እያዘንን ቀቀልነው።» ከዚያም ወደ እኔ ቀረብ ብለው፣ «ለመሆኑ ሟቹ ማን ነው?» አሉኝ።

ማንም እንዳልሞተ፣ የተነፋው ለእሳቸው ሽርሽር እንደ ሆነ ነገርኋቸው። ለረጅም ጊዜ ፊቴን አዩኝ። «አንተ የተማርህ ልጅ ነህ ይሉሃል» አሉና ሌላ ሳይጨምሩ በሐጂ እጅ ተደግፈው ጀልባዪቱ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ሌሎቹም ድስቶቹን ይዘው ተከተሏቸው። ሐጂ ሳቃቸውን ለመዋጥ ወደ ሞተራቸው ዞሩ።

እኔ ሕዝቡን ወደየቤታችሁ ሂዱ ብል የሚሰማኝ ጠፋ። ሐዘንተኛ ምን ጊዜም አትሄዱም ይላል እንጂ ሂዱ አይልም፤ ስለዚህ ሐዘኑ አናቴ ላይ የወጣ መሰላቸው። የእድራችን ወንዶችም በዚህ መካከል ድንኳኑን አምጥተው ተከሉት። ነጩን ትልቁን ድንኳን። ለምን ብላቸው፣ «ጥሩምባ ተነፍቶ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ?» አሉኝ። መልሱ ልክ ነበር።

ጓድ አስናቀ የደረሱት የመጨረሻው ካስማ ሲመታ ነው።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ ጓድ።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሕዝብ ማንን ሊቀብር ነው?»

እሳቸውም ድንኳኑን አዩ፤ ድስቱን አዩ፤ ነጠላውን አዩ። «ሕዝብ ተሰብስቧል። ግርግር ተነሥቷል። ይብቃ፤ ሴቶቹ ይውረዱ» አሉ።

«አልወርድም» አሉ እትዬ የሺመቤት ከጀልባዪቱ ውስጥ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ። «ጉልበቴ አንድ ጊዜ ከተቀመጠ በትእዛዝ አይነሣም።»

በዚያን ጊዜ እኔ የቆምሁት ከየብስ ወደ ጀልባዪቱ በተጋደመው ሳንቃ ጫፍ ላይ ነበር። የጀልባዪቱን ገመድ ማንም እንዳይነካብኝ ብዬ በእጄ ጠምጥሜ ይዤዋለሁ፤ ከጀልባ ዕቃ ሁሉ ግማሹ መሬት ላይ የሚውለው እሱ ብቻ ስለሆነ ወድጄው ነበር። ጓድ አስናቀ አሮጊቷን ቀርበው ሊያስረዱ በአጠገቤ አልፈው ወደ ጀልባዪቱ ገቡ።

እዚህ ላይ አንባቢ ራሱን በሴቶቹ ቦታ ያስቀምጥ። ተቀምጠሃል፤ የተከበረ ሰው ገባ። ምን ታደርጋለህ? ከእትዬ የሺመቤት በቀር ሁሉም ባንድ ጊዜ ብድግ ብለው «ኖር!» አሉ። ጓድ አስናቀም፣ በስብሰባ ላይ በመዶሻ ቢመቱ የማይወጣቸውን ቃል፣ «በእግዜር፣ ተቀመጡ» አሉ።

ጀልባዪቱ ግን አልተቀመጠችም። ወደ ግራ ተኛች፤ ቀጥላ ወደ ቀኝ ተኛች። ጓድ አስናቀ በሁለት ሴቶች መካከል እንደ ጆንያ ዘፍ አሉ። ሳንቃው ከሥሬ ሸሸ፤ እኔም ከእነ ሱፍ ልብሴ ጣና ገባሁ።

በሐይቁ ዳር የተሰበሰበው ሕዝብ ማለዳውን ሁሉ ሲጠብቀው የነበረው ሟች በመጨረሻ በዓይኑ ሥር ተገኘለት። ያን ዕለት የተለቀሰልኝን ያህል፣ በእውነት የምሞት ቀን የሚለቀስልኝ አይመስለኝም። አያ ፈንቴም እጁ ለምዶበት ጥሩምባውን ነፋ።

እኔ በበኩሌ ውስጥ ሆኜ ነፍሴን ለፈጣሪዬ አደራ ከሰጠሁ በኋላ እግሬ መሬት መርገጡን አወቅሁ። ውኃው ከወገቤ አያልፍም ነበር። ለመደሰት ግን ጊዜ አላገኘሁም፤ ጀልባዪቱ ሳንቃዋ ስለ ወደቀ ከዳሩ ርቃ ትንሳፈፍ ጀመር፤ ገመዷ ደግሞ በእጄ እንደ ተጠመጠመ ነው። ሐጂ ከድንጋይ ጋር እንዳትጋጭ ሞተሩን አስነሡ። የቀረልኝ ምርጫ መከተል ብቻ ሆነ። ሴቶቹ ገመዱን ሰብስበው፣ ሳይነሡ፣ እንደ ትልቅ አምባዛ ዓሣ ጎትተው አወጡኝ። የየብሱ ተቆጣጣሪ የነበርሁት ሰው ባሕር ላይ የወጣሁት በዚህ ሁኔታ ነው።

እኔ እንቀጠቀጣለሁ፤ ጓድ አስናቀ ባርኔጣቸውን እያዩ ይተነፍሳሉ። እትዬ የሺመቤት ከድስቱ ንፍሮ ዘገኑና ወደ ሊቀ መንበሩ ዘረጉ።

«እንካ፣ ብላ ልጄ።»

ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ጓድ አስናቀን አንተ የሚል ሰው በቀበሌያችን አልነበረም።

«እናትህ የሞተች ቀንም የቀቀልሁት እኔ ነኝ» አሉ አሮጊቷ። «ያን ጊዜ አልቀምስም ብለህ ነበር።»

ጓድ አስናቀ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ። «አስታውሳለሁ፣ እትዬ» አሉ፤ አንዲት አንዲት ፍሬ እያሉም በሉ።

ሐጂ ፍጥነቱን ቀነሱና ጀልባዪቱን ወደ ከተማው አዞሯት። «እትዬ፣ ይኸው አገርዎ» አሉ።

እኔ እረዳቸው ብዬ «ያ ዘንባባው ነው፣ ወዲያ የፋብሪካው ጭስ...» ስል በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። «አትንገረኝ፤ ልየው።» መዳፋቸውን ከቅንድባቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩ። ፊታቸው ምንም አይናገርም ነበር። ምንም አላዩ ይሆን ብዬ ልቤ ወደቀ። ያ ሁሉ ጥሩምባ፣ ያ ሁሉ ለቅሶ ለከንቱ ሆነ ብዬ አዘንሁ።

«አረንጓዴው ይታየኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ከሥሩ ደግሞ አንድ ትልቅ ነጭ ነገር አለ። ዙሪያውን ነጭ የለበሰ ሰው ይርመሰመሳል። ምንድን ነው?»

የእኛው ድንኳን ነበር።

«ድንኳናችን ነው፣ እትዬ» አለች አንዷ።

«የእድሩ?»

«አዎን።»

አሮጊቷ አሁንም አዩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከውስጡ ሆነው ሲያበስሉ፣ ከውጭ አይተውት የማያውቁትን ድንኳን።

«ለካ ከሩቅ ሲያዩት ሰርግ ይመስላል» አሉ።

መጀመሪያ አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ከዚያ፣ ማን እንደ ጀመረችው አላውቅም፣ በእድራችን ታሪክ ተሰምቶ የማያውቅ ነገር ሆነ፤ እልልታ ተሰማ። እልልታው በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ወደ ዳሩ ሄደ። በዳሩ የነበረው ሐዘንተኛ ጥቂት ግራ ገብቶት ቆየ፤ ቀጥሎ ግን ከድንኳኑ ሥር እልልታ መለሰ። አያ ፈንቴም ጥሩምባውን ነፋ። በዚህ ጊዜስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀጠን ያለ መሰለኝ።

ስንመለስ ጓድ አስናቀ ወደ እኔ ዞሩ። «ሕዝብ፣ ግርግር፣ አደጋ። ሦስቱም ተሟልተዋል» አሉ።

«አዎን፣ ጓድ» አልሁ፤ ውኃው ከእጅጌዬ እየተንጠባጠበ።

«ሕዝቡ ግን የተሰበሰበው መሬት ላይ ነው፤ ጀልባዋን አይመለከትም። ግርግሩም ከመሳፈሩ በፊት የተነሣ ነው። አደጋውም የደረሰው ተሳፋሪ ላይ ሳይሆን ተቆጣጣሪ ላይ ነው። ስለ ተቆጣጣሪ ያልሁት ነገር ነበር?»

«አልነበረም፣ ጓድ።»

«እንግዲያው» አሉና የቀረውን ንፍሮ ወደ አፋቸው ጣሉ።

እትዬ የሺመቤት ክረምት ሳይገባ አንበሳሜ ሄዱ። እዚያ ሰው ባሕር ዳር ደኅና ናት ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «ሰርግ ላይ ትቻት መጣሁ» ይሉ እንደ ነበር ልጃቸው አጫውታኛለች። ሐጂም ጀልባቸው እስክታረጅ ድረስ እሑድ እሑድ ሲያመላልሱ ኖሩ። እኔም ብዙ ሹማምንት አገልግያለሁ፤ ያለ ሹመት እንደ ሐጂ የሠራ ሰው ግን አላየሁም።

የቀበሌው ውሳኔ በማኅተም ተደግፎ ደረሰን። የሐጂ ሰይድ ጀልባ በየእሑዱ ሰው በነጻ እንድታጓጉዝ ተፈቅዷል፤ ለዚሁ ጉዳይ ጥሩምባ መንፋት ተከልክሏል፤ ሊቀ መንበሩም ቢሳፈር ማንም ከመቀመጫው እንዳይነሣ ታዟል፤ ተቆጣጣሪውም ከእንግዲህ ቁጥጥሩን ከየብስ ሳይሆን ከጀልባዪቱ ላይ ሆኖ እንዲያካሂድ በቋሚነት ተመድቧል። ውሳኔው የተሰጠው በግንቦት ልደታ ማግስት ነው።